የገባነው መድን ቤታችንን መልሶ ይሠራልን?

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ቤት መድን የሚወጡ ማስታወቂያዎችንና ምክሮችን በትኩረት ከሚከታተሉ አንባቢዎች አንዱ ነኝ። አብዛኞቹ የሚያተኩሩት ዓመታዊው አረቦን ስንት እንደሆነና እንዴት ሊቀንስ እንደሚችል በማስረዳት ላይ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ከእሱ በፊት ሊመለስ የሚገባው ሌላ ጥያቄ ሁልጊዜ ይታለፋል። ይኸውም፣ ቤቱ ሙሉ በሙሉ ቢወድም በውሉ ላይ የሰፈረው ገንዘብ ከመሠረቱ መልሶ ለመሥራት ይበቃል ወይ የሚለው ነው። እኔ ራሴ ይህን ሳልጠይቅ 8 ዓመት ሙሉ አረቦን ከፍዬ መልሱን የሰማሁት ከቃጠሎ በኋላ ስለሆነ፣ ሌላው ሰው አስቀድሞ እንዲሰማው በማሰብ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

እሳቱ የተነሣው በማዕድ ቤቱ ግድግዳ ውስጥ ካለፈ የኤሌክትሪክ መስመር ነበር። ቤተሰቤ በሙሉ በደኅና ወጣ፤ ማዕድ ቤቱ፣ አጠገቡ ያለው ዕቃ ማስቀመጫ ክፍልና በላያቸው የነበረው ጣሪያ ግን ተቃጠሉ። የመድን ኩባንያው የላከው ጉዳት ገማች በሦስተኛው ቀን መጣ። የተቃጠለውን አይቶ፣ ፎቶ አንሥቶ ይሄዳል ብዬ ስጠብቅ፣ ሜትሩን አውጥቶ እሳት ያልደረሰባቸውን መኝታ ክፍሎችና ሳሎኑን፣ በረንዳውንም ጭምር መለካት ጀመረ። የወለሉን ንጣፍ ዓይነት፣ የበሮቹን እንጨት፣ የመስኮቶቹን ፍሬም ሳይቀር እየመዘገበ፣ ጥላሸት ባለበሰው ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ ወረቀቱን ሞላ። «ያልተቃጠለውን ለምን ይለካሉ?» አልኩት። «ጋሼ፣ ቤቱ በሙሉ በስንት እንደሚሠራ ሳላውቅ ለተቃጠለው ስንት እንደሚከፈልዎት ማወቅ አልችልም» ሲል መለሰልኝ። በዚያን ሰዓት አነጋገሩ አልገባኝም ነበር። ከ2 ሳምንት በኋላ የደረሰኝ ደብዳቤ ግን በሚገባ አስረዳኝ፤ ቤቴ መመዝገብ ከነበረበት ዋጋ 60 ከመቶ ያህል ብቻ ተመዝግቦ ስለነበር፣ ካሳውም በዚያው ልክ እንዲቀነስ ተወስኖ ነበር።

በመድን ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ይህን አሠራር «አቬሬጅ» ይሉታል። ቤቱን ዳግም ለመገንባት 100 የሚያስፈልግ ሆኖ ሳለ ባለቤቱ በ60 ብቻ መድን ገብቶ እንደሆነ፣ የቀረውን 40 በራሱ ላይ እንደያዘ ይቆጠራል። ስለዚህ ጉዳቱ 20 ሲሆን ኩባንያው የሚያሰላው 12 ነው፤ መድን ገቢው በእያንዳንዱ ጉዳት ራሱ የሚሸከመው ተቀናሽ 2 ቢሆን ደግሞ እጁ የሚገባው 10፣ ማለትም የጉዳቱ ግማሽ ይሆናል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም የተሳሳትኩት እዚሁ ነው። ቤቴ በ60 ተመዝግቦ ጉዳቴ 20 ከሆነ፣ ከተመዘገበው በታች ነውና ሙሉው ይከፈለኛል ብዬ አምን ነበር። መድን ማሳነስ የሚጎዳው ቤቱ እንዳለ የወደመበትን ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር። እንዲህ ዓይነት አንቀጽ ባለበት ውል ግን አንድ ክፍል የተቃጠለበትም ሰው በዚያው መጠን ይጎዳል።

አሠራሩ ያለ ምክንያት የመጣ እንዳልሆነ አምናለሁ። ቤት ላይ ከሚደርሱት ጉዳቶች አብዛኞቹ ከፊል ስለሆኑ፣ ሁሉም ሰው በግማሽ ዋጋ ተመዝግቦ፣ የግማሹን አረቦን እየከፈለ፣ ጉዳቱ በደረሰ ጊዜ ሙሉ ካሳ የሚወስድ ቢሆን በትክክለኛው ዋጋ የተመዘገበው ሰው የሌላውን ዕዳ ይከፍል ነበር። የአሜሪካ የተለመዱ የቤት መድን ውሎችም በመልኩ ቢለዩም ተመሳሳይ ደንብ አላቸው፤ የመድኑ መጠን ከዳግም መገንቢያ ወጪው ቢያንስ 80 ከመቶ ካልደረሰ፣ ለከፊል ጉዳት ሙሉው የመተኪያ ዋጋ አይከፈልም። ቅሬታዬ በደንቡ ላይ ሳይሆን በሚነገርበት ጊዜ ላይ ነው። አረቦን ስንዋዋል ያልተብራራ አንቀጽ ካሳ ስንጠይቅ መጀመሪያ የሚጠቀስልን አንቀጽ መሆኑ አግባብ አይመስለኝም።

የእኔ ቤት በዝቅተኛ ዋጋ የተመዘገበበትን ምክንያት ወደ ኋላ ሄጄ ስመረምር ያገኘሁት ነገር የብዙ ሰው ታሪክ ሊሆን እንደሚችል እገምታለሁ። መድኑን የገባሁት ቤቱን በብድር ስገዛ ባንኩ ስለጠየቀኝ ነበር፤ የተመዘገበውም ገንዘብ በዚያን ጊዜ የተበደርኩት መጠን ነበር። ይህ ቁጥር ለባንኩ በቂ ነው፤ ቤቱ ቢጠፋ ብድሩ ይመለስለታልና። ለእኔ ግን ከቤቱ መገንቢያ ወጪ ጋር ምንም ዓይነት ዝምድና የሌለው ቁጥር ነው። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የእድሳት ደብዳቤ ሲመጣ ከአረቦኑ በቀር ሌላውን አላነበብኩም። በመካከሉ አንድ ክፍል ጨምሬ ሠርቻለሁ፤ የሳሎኑን ወለልም አስቀይሬአለሁ። የሲሚንቶ፣ የብረትና የሠራተኛ ዋጋ በየዓመቱ ሲያድግ ውሉ ላይ ያለው ቁጥር ግን እንደነበረ ቆይቷል።

ስለዚህ በቂ መድን መምረጥ የሚጀምረው ትክክለኛውን ቁጥር ከማወቅ ነው። ትክክለኛው ቁጥር ቤቱ የተገዛበት ወይም ዛሬ ሊሸጥ የሚችልበት ዋጋ አይደለም። የመሸጫው ዋጋ የቦታውን ዋጋ ይጨምራል፤ ቦታ ደግሞ በእሳት አይቃጠልም። በዚህ የተነሣ ውድ ቦታ ላይ የተሠራ ቤት በመሸጫ ዋጋው ከተመዘገበ ባለቤቱ ያለ ጥቅም ትርፍ አረቦን ይከፍላል፤ መድን የደረሰውን ጉዳት ይተካል እንጂ ትርፍ አያስገኝምና። በአንጻሩ ገዢ በማይፈልገው አካባቢ ያለ፣ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳና ጥሩ የእንጨት ሥራ ያለው አሮጌ ቤት መልሶ ሲሠራ ከመሸጫው እጅግ የበለጠ ሊያስወጣ ይችላል። መመዝገብ ያለበት ያንኑ ቤት፣ በዚያው ስፋትና ጥራት፣ በዛሬ የዕቃና የሠራተኛ ዋጋ ዳግም ለመሥራት የሚያስፈልገው ወጪ ነው። በዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳቸው ወጪዎች ይጨመራሉ፦ የተረፈውን ግድግዳ ማፍረስና ፍርስራሹን ማስነሣት፣ የአርክቴክትና የመሐንዲስ ክፍያ፣ የግንባታ ፈቃድ፣ እንዲሁም ቤቱ ከተሠራ በኋላ የወጡ የሕንፃ ደንቦች የሚጠይቁት ማሻሻያ። የመጨረሻው በብዙ ውሎች ውስጥ ተለይቶ ካልተገዛ አይሸፈንም። አሮጌ ቤት ያለው ሰው በተለይ ይህን ቢጠይቅ መልካም ነው፤ ከ30 ዓመት በፊት በተፈቀደው አሠራር ዛሬ መልሶ መገንባት አይፈቀድለት ይሆናልና።

ቁጥሩን በግምት መናገር አይገባም። ቀያሽ ወይም የግንባታ ባለሙያ አስገምቶ በጽሑፍ መያዝ የአንድ ጊዜ ወጪ ነው፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የግንባታ ዋጋ ለውጥን እየተከተለ የሚያድግ አንቀጽ ካለ እሱን ማስገባት ይቻላል። ከተመዘገበው መጠን በላይ የተወሰነ መቶኛ ጨምሮ የሚከፍል ሽፋንም በአንዳንድ አገሮች ይሸጣል። ይህ ተጨማሪ ሽፋን ትርፍ ነገር አለመሆኑን ታላላቅ አደጋዎች አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1991 በካሊፎርኒያ የኦክላንድ ኮረብታዎች ላይ የተነሣው ቃጠሎና በታኅሣሥ 30 ቀን 2021 በኮሎራዶ ከ1,000 በላይ ቤቶችን ያወደመው የማርሻል እሳት ሲበርዱ፣ ከቤት ባለቤቶቹ ብዙዎቹ የገቡት መድን ቤታቸውን መልሶ ለመገንባት እንደማይበቃ የተረዱት ከአመዱ አጠገብ ቆመው ነበር። በአንድ ቀን መቶዎችና ሺዎች ቤት ሲፈልጉ ግንበኛውም፣ ጣውላውም፣ ቆርቆሮውም ይወደዳል፤ በሰላሙ ጊዜ የተገመተው ዋጋ በዚያ ገበያ አይሠራም።

ኒውዚላንድን ልጨምር፤ ለእኛ የሚጠቅም ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2011 የካንተርበሪን አካባቢ ከመቱት የመሬት መንቀጥቀጦች በፊት እዚያ የነበሩ የቤት መድን ውሎች በአብዛኛው የቤቱን ስፋት መዝግበው፣ ወጪው የቱንም ያህል ቢሆን መልሰው ለመሥራት ቃል የሚገቡ ነበሩ። ከአደጋው በኋላ፣ ከ2013 ጀምሮ፣ መድን ሰጪዎቹ የተወሰነ ገንዘብ ወደሚጻፍበት ውል ተሻገሩ። በዚህም ቤቱ በስንት እንደሚሠራ የማወቁ ሸክም ከኩባንያው ትከሻ ወርዶ በቤቱ ባለቤት ላይ ዐረፈ። የተወሰነ ገንዘብ የሚጻፍበትን ውል የምንፈርም ሁሉ ይህን ሸክም ተሸክመናል፤ ልዩነቱ አብዛኞቻችን መሸከማችንን አለማወቃችን ነው።

መጠኑ ትክክል ከሆነ በኋላ የሚቀጥለው ጥያቄ ውሉ የሚሸፍነው የትኛውን አደጋ ነው የሚለው ነው። እዚህ ላይ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ውኃ ነው፤ በእሳት ጉዳይ ቢያንስ ሰው ሁሉ ለምን መድን እንደገባ ያውቃል። በመድን ውል ቋንቋ ውኃ አንድ ነገር አይደለም። በድንገት ከፈነዳ ቧንቧ የወጣ ውኃ አብዛኛውን ጊዜ ይሸፈናል። ለወራት በግድግዳ ውስጥ ሲንጠባጠብ ቆይቶ እንጨቱን ያበሰበሰ ውኃ ግን እንደ እርጅናና እንደ ጥገና ጉድለት ይቆጠርና አይሸፈንም፤ ከወንዝ ሞልቶ ወይም ከመሬት ላይ ጎርፎ የገባው ደግሞ እንደገና ሌላ ጉዳይ ነው። በአሜሪካ የተለመደው የቤት መድን የጎርፍ ጉዳትን አይሸፍንም፤ ለዚህም ሲባል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1968 ብሔራዊ የጎርፍ መድን ፕሮግራም አቋቁሟል። ያም ሆኖ በ2005 ካትሪና አውሎ ነፋስ ካለፈ በኋላ ቤቱን ያፈረሰው በውሉ የሚሸፈነው ነፋስ ነው ወይስ የማይሸፈነው ጎርፍ የሚለው ጉዳይ በፍርድ ቤቶች ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል። የጎርፍ መድኑ ራሱ በአብዛኛው ከተገዛ ከ30 ቀን በኋላ ስለሚጸና፣ ደመናው ሲከብድ ሮጦ መግዛት አይጠቅምም። የመሬት መንቀጥቀጥም በብዙ ቦታ ተለይቶ የሚገዛ ሽፋን ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ሁለት ኩባንያዎችን ሲያወዳድር «ምን ትሸፍናላችሁ?» ከማለት ይልቅ «የማትሸፍኑት የተጻፈው የትኛው ገጽ ላይ ነው?» ብሎ ያንን ገጽ ተቀምጦ ቢያነብ ይሻለዋል።

በቤት ውስጥ ስላለው ዕቃ ብዙ አልልም፤ አንድ ነገር ግን በዐይኔ ስላየሁ እናገራለሁ። ከተቃጠለው ማዕድ ቤት ምን ምን እንደነበረ ዘርዝሩ በተባልን ጊዜ፣ በየቀኑ የምንገባበት ክፍል ሆኖ ሳለ፣ እኔና ባለቤቴ በመጀመሪያው ምሽት ልንጽፍ የቻልነው ከግማሹ አይበልጥም። የቁም ሣጥኑን እያንዳንዱን መደርደሪያ በሐሳባችን እየከፈትን ስንጨምር ሳምንት ፈጀብን፤ ደረሰኝ የነበረን ለሁለት ዕቃ ብቻ ነበር። እያንዳንዱን መሳቢያ ከፍቶ በስልክ መቅረጽ ግማሽ ሰዓት አይወስድም፤ ቅጂውን ግን ከቤት ውጭ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ጌጣ ጌጥና ጥሬ ገንዘብ በአብዛኛው አነስተኛ የካሳ ጣራ ስላላቸው፣ ዋጋ ያለው ዕቃ ለብቻው እንዲመዘገብ መጠየቅ ይገባል። ቤት ተከራይ የሆነ ሰው ደግሞ የአከራዩ መድን የእሱን ዕቃ እንደማይሸፍን ልብ ይበል።

ካሳው በምን ሒሳብ እንደሚሰላም ማወቅ ያስፈልጋል። አንዳንድ ውል አሮጌውን በአዲስ ይተካል፤ ሌላው የእርጅናውን ይቀንሳል። ለ20 ዓመት ያገለግላል ተብሎ የሚገመት ጣሪያ በ10ኛው ዓመቱ ቢወድም፣ በሁለተኛው ዓይነት ውል የሚከፈለው የአዲስ ጣሪያ ዋጋ ግማሽ ገደማ ነው፤ ቆርቆሮ ሻጩ ግን ግማሽ ጣሪያ አይሸጥልንም። በአረቦን ረገድ ርካሽ ሆኖ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ ይኸኛው ነው። ቤቱ እስኪሠራ ለምንከራይበት ቤት የሚከፈለውም ገንዘብ የራሱ ጣራና የራሱ የጊዜ ገደብ አለው። የእኔ የሁለት ክፍል ጥገና 5 ወር ፈጅቷል፤ ሙሉ ቤት የሚሠራ ሰው ከዚያ እጅግ የበለጠ እንደሚጠብቅ ማሰብ አለበት።

አረቦኑ ከአቅም በላይ ሲሆን ምን ይደረግ ለሚለው የግል አስተያየቴን ልስጥ። የተመዘገበውን መጠን ከማሳነስ ይልቅ ራሳችን የምንሸከመውን ተቀናሽ ከፍ ማድረግ የተሻለ ነው። ተቀናሹን ከፍ ያደረገ ሰው የሚያጣው አስቀድሞ የሚያውቀውን፣ ቀስ በቀስ ሊያጠራቅመው የሚችለውን ገንዘብ ነው። መጠኑን ያሳነሰ ሰው ግን ምን ያህል እንደሚያጣ የሚያውቀው ጉዳት ገማቹ ሜትሩን ሲያጥፍ ነው። የተሰበረ መስኮት ሁላችንም እንደ ምንም ብለን እናስጠግናለን፤ ቤት ግን ከኪሳችን አንሠራም፤ መድን የምንገባውም ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከእኛ ከቤት ባለቤቶች ይጠበቃል። ክፍል ስንጨምር፣ ቤቱን ስናከራይ፣ በቤት ውስጥ ንግድ ስንጀምር ወይም ለረጅም ጊዜ ዘግተነው ስንሄድ ለኩባንያው በጽሑፍ ማሳወቅ አለብን። ብዙ ውሎች ቤቱ ለተከታታይ 30 ወይም 60 ቀን ባዶ ከሆነ የስርቆትና የውኃ ጉዳት ሽፋንን ያነሣሉ። መድን በቅን ልቦና ላይ የቆመ ውል ነው የሚለው መርሕ በእንግሊዝ ሕግ ውስጥ ጎልቶ የወጣው ዳኛው ሎርድ ማንስፊልድ እ.ኤ.አ. በ1766 በሰጡት ፍርድ ነው። ያ መርሕ ለዘመናት ሲተረጎም የኖረው፣ መድን ገቢው ባይጠየቅም እንኳ ለውሉ የሚያስፈልገውን ሁሉ በራሱ አነሣሽነት መናገር አለበት በሚል ነበር። በ2012 የወጣው የብሪታንያ ሕግ ግን ለግል መድን ገቢዎች ይህን ለውጦታል፤ ዛሬ ሰውየው ለሚጠየቀው በጥንቃቄ በእውነት መመለስ ይበቃዋል፣ መጠየቅ ደግሞ የኩባንያው ድርሻ ነው። ይህ አካሄድ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምን መጠየቅ እንዳለበት የሚያውቀው በየቀኑ ውል የሚያዋውለው ወገን ነውና።

በዚሁ መንፈስ መድን ሰጪዎችን ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። የመጀመሪያው፣ ካሳ በተመጣጣኝ የሚቀነስበት አንቀጽ በውሉ የኋለኛ ገጾች ተደብቆ እንዳይቀር፣ ከላይ እንዳቀረብኩት ባለ ቀላል የቁጥር ምሳሌ ተደግፎ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይጻፍ። ሁለተኛው፣ በየዓመቱ የሚላከው የእድሳት ደብዳቤ ከአረቦኑ አጠገብ የተመዘገበውን የመድን መጠን፣ መጠኑ ለመጨረሻ ጊዜ የተገመተበትንም ቀን ይያዝ። በእኔ ደብዳቤዎች ላይ ይህ ቀን ተጽፎ ቢሆን ኖሮ 8 ዓመት እንዳለፈው በአንድ ዐይን እይታ እረዳ ነበር። ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል የማቀርበው ጥያቄ ደግሞ፣ በምጣኔ ሀብት ገጻችሁ አንድ የጉዳት ገማች ሥራውን ለአንባቢ እንዲያስረዳ ብትጋብዙ የሚል ነው። የመድን ወኪሎችን ቃል በየጊዜው እንሰማለን፤ የገማቾቹን ግን የምንሰማው ቤታችን ከተጎዳ በኋላ ብቻ ነው።

ያ ባለሙያ የሞላው የልኬት ወረቀት ቅጂ ዛሬ ከአዲሱ ውሌ ጋር ተያይዟል። ባለፈው እድሳት ወቅት በእሱ ላይ ተመሥርቼ መጠኑን አስተካክያለሁ፤ አረቦኑ ቀድሞ ከምከፍለው ከግማሽ በላይ ጨምሯል፤ ተቀናሹን ከፍ በማድረግ ከጭማሪው የተወሰነውን መልሼ ቀንሻለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ